ካርድ ምረጡልኝ!

እኛ ቤት ሦስት ሴቶች ነን። አንዷ አካውንታንት፣ አንዷ ጋዜጠኝነት ተመርቃ ይቺን ጽሑፍ የምትሞነጫጭር፣ አንዷ ደግሞ ሕክምና ጨርሳ የሙያ ፈቃድ ፈተና የምትጠብቅ። ፈቃዱ እስኪመጣ «ዶክተርዬ» የምንላት በቁልምጫ ነው። ካላለፈች ያ ሁሉ ዓመት ተምራ ጋወኗ ቁምሳጥን ውስጥ ይከርማል፤ የቤት ኪራዩም በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ፈተናው የጋራችን ነው።

በዚህ ሰሞን የቤታችን ራስ ምታት ፋርማኮሎጂ ሆኗል። አንድ መድኃኒት ብቻውን አይመጣማ! እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚታዘዝ፣ ምን ጉዳት እንዳለው፣ ለማን እንደሚከለከል ሁሉን ጎትቶ ነው የሚመጣው። ይህን በመቶ ምናምን አባዙት። ለዚህ ተማሪዎች የሚይዙት መላ ፍላሽካርድ ነው፤ ከፊቱ ጥያቄ፣ ከጀርባው መልስ።

መላው አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 የራሱን ትውስታ እየፈተነ፣ የተማርነው ነገር መጀመሪያ አካባቢ በፍጥነት እንደሚጠፋ አሳየ። በ1972 ደግሞ ሴባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ ካርዶችን በሳጥን የመክፈል ዘዴን አስተዋወቀ። የመለሳችሁት ካርድ ወደሚቀጥለው ሳጥን አልፎ ዘግየት ብሎ ይጠየቃል፤ የሳታችሁት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ከ2006 ጀምሮ ያለው አንኪ የተባለው ፕሮግራም ይህን መሰል ስሌት ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ይሠራላችኋል።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ምርጫው ላይ! ዶክተርዬ አንድ ማታ «የፋርማ ካርድ ምረጡልኝ፤ እኔ ልምረጥ ካልኩ ስመርጥ ፈተናው ይደርሳል» አለችን። ጠረጴዛችን ላይ ሦስት ተወዳዳሪዎች ቀረቡ። አንደኛው ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣላት፣ የሚያብረቀርቅ የታተመ ካርድ ነው። ሁለተኛው ካርዶቹ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የአንኪ ስብስብ። ሦስተኛው ከሷ በፊት ያለፈች ልጅ በእጇ ጽፋ ያወረሰቻት፣ በላስቲክ የታሰረ፣ ጫፉን ቡና የነካው ጥቅል።

አካውንታንቷ ወዲያው ዋጋ ማስላት ጀመረች። ጋዜጠኛዋ ግን «ሦስቱንም ስለ አንድ መድኃኒት እንጠይቃቸው» አለች። ሪፋምፒሲን ተመረጠ፤ የቲቢ መድኃኒት ነው።

የሻንጣው ካርድ ላይ ሪፋምፒሲንን ፈልገን አጣን። ለካስ እዚያ ስሙ ሪፋምፒን ነው! አሜሪካኖች ፓራሲታሞልን አሲታሚኖፌን፣ ሳልቡታሞልንም አልቡቴሮል ይሉታል። ይህስ ይለመዳል እንበል። የባሰው ጀርባው ነው፤ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ተጨናንቆበታል። ጋዜጠኝነት ስንማር ሁለት ጥያቄ በአንዴ አትጠይቁ ይባላል፤ ተጠያቂው የቀለለውን መርጦ ይመልስና ከባዱን ያልፈዋል። አእምሯችንም እንደዚያ ባለሥልጣን ነው። ካርዱ አሥር ነገር ከጠየቀው የሚያውቀውን ሦስቱን መልሶ «ገባኝ» ይላል።

የአንኪው በዚህ ይበልጠዋል። አንድ ካርድ፣ አንድ ጥያቄ። «ሪፋምፒሲን የባክቴሪያውን የቱን ኤንዛይም ያግዳል?» አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ፤ አለቀ። ስልኩም አንድሮይድ ከሆነ በነፃ ነው (አይፎን ላይ ያስከፍላል፤ አካውንታንቷ ይህን አልዘለለችም)። ግን ብዛቱ! ሁለት ቀን ከዘለላችሁ እንዳልተከፈለ ዕቁብ ይቆልልባችኋል።

የእጅ ጽሑፉ ጥቂት ነው፤ ስርዝ ድልዙም ብዙ። ነገር ግን ከሌሎቹ ያላገኘነው ነገር አለው። ከጀርባው በመልሱ ሥር በቀይ እስክሪብቶ «ንገሪያቸው» የሚል መስመር አለ። የሪፋምፒሲን ላይ እንዲህ ይላል፤ «ሽንት፣ ላብና እንባ ወደ ብርቱካናማ ይቀየራል፤ ጉዳት የለውም፤ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።» የሚቀጥለው ካርድ ደግሞ፤ «የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ብትሆንስ?» መልሱ፣ ሪፋምፒሲን የጉበትን ኤንዛይሞች ስለሚያነቃቃ የክኒኑ ኃይል ይቀንሳል፤ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋታል። ይህን ስናነብ ከሦስታችን ሁለታችን ቀና ብለን ተያየን። ማን ነግሮን ያውቃል?

ደግሞ የቅርብ ምሳሌ ነበረን። ከብሎካችን ምድር ላይ የሚኖሩ እማማ የቲቢ ሕክምና በጀመሩ ሰሞን ሽንታቸው መልኩን ቢቀይርባቸው ደም መሰላቸው። መድኃኒቱ አቃጠለኝ ብለው ሦስት ቀን አቋረጡት። መድኃኒቱን የሰጣቸው ሰው ስለ ቀለሙ ትንፍሽ አላለም ነበር። ዶክተርዬ የሰማችው ከልጃቸው ነው፤ ወርዳ «እማማ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ ደም አይደለም» ብላ አስረድታ ወደ ጤና ጣቢያው መለሰቻቸው። የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ነው። እየተቆራረጠ ከተወሰደ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያኔ ሕክምናው ይከብዳል። ይህን ሁሉ ማስቀረት የሚችለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ስለዚህ ፍርዳችንን ሰጠን። የአንኪው ስብስብ ይጫን፤ ግን ሁሉም ካርድ በአንዴ አይከፈት። ቅድሚያ እዚህ አገር በብዛት ለሚታዘዙት፤ ለቲቢ፣ ለወባ፣ ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለአስም። የሻንጣው ካርድ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ሲያከራክረን ይጠየቅ። የምትስተው ጥያቄ ደግሞ በገዛ እጇ ማኒላ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ከጀርባው «ንገሪያቸው» የምትለዋ መስመር ሳትቀር።

ማስታወሻ ዘዴውንም አማርኛ አደረግነው። የእንግሊዝኛው ግጥም ለኛ ራሱ ሌላ ሽምደዳ ነው። ስማቸው በ«ፕሪል» የሚያልቁት የግፊት መድኃኒቶች ደረቅ ሳል ሊያመጡ ስለሚችሉ «ፕሪል ካለ ሳል አለ» አልን። በ«ኦሎል» የሚያልቁት የልብን ምት ያዘገያሉ፤ «ኦሎል፣ ልቤ ቀስ በል!» ከነሱ ውስጥ ፕሮፕራኖሎል ለአስም ሕመምተኛ አደገኛ ነው፤ «ትንፋሽም ቀስ እንዳይል» ብለን ጨመርንበት። ማታ ማታ እራት እየሠራን እንጠይቃታለን። ሽንኩርቱ ሲቁላላ አካውንታንቷም መመለስ ጀምራለች።

እናንተም ካርድ ልትመርጡ ከሆነ ሽፋኑንና ብዛቱን ተዉት። በደንብ የምታውቁትን አንድ መድኃኒት ያዙና ካርዱን ፈትኑት። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል? ነገ ልትመለሱበት ትችላላችሁ? መልሱን ለእማማ በአማርኛ ልታስረዱበት ትችላላችሁ? ሦስቱንም ካሟላ ግዙት፤ ካላሟላ ማኒላ ወረቀት ርካሽ ነው።

ዶክተርዬ ገና አልተፈተነችም። ፈተናው ላይ ስለ ሽንት ቀለም አይጠየቅም ይሆናል፤ ጋወኑን በለበሰች ማግስት ግን የሚጠብቃት ይኸው ነው። እስከዚያው መድኃኒት የታዘዘላችሁ እናንተ ጠይቁ፤ «ይህን ስወስድ ምን ይቀየርብኛል?» መልስ እስክታገኙ ከመስኮቱ አትነሡ።

ቸር ይግጠመን።