ከራዲዮው በፊት

ባለ ሸራ ጣራ መኪና የገዛ ሰው ጸጥታን አብሮ አልገዛም። የእኔይቱ ፎልክስዋገን ሞተሯ ከኋላ፣ ነፋሱ ከላይ፣ የበሩ ላሜራ ከጎን እየጮኹ ከባለቤቴ ጋር አላነጋግር አሉን። እርሷ «ራዲዮ ይቅደም» ስትል እኔ ለላሜራው አደላሁ።

የበሩን ልባስ አውልቀን፣ ላሜራውን በአልኮል አጽድተን፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የሚወፍር ሬንጅ መሰል ንጣፍ ለጠፍንበት፤ ሁሉንም መሸፈን አያሻም፣ ብዙ የሚንቀጠቀጠው መካከሉ ነውና። ከግርጌ ያሉትን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች ግን አደራ አትድፈኑ! በመስኮቱ ሥር የሚገባው ዝናብ መውጫ ያጣ እንደ ሆነ በሩ ይዝጋል።

ከዚያ በኋላ ድምፅ ማጉያዎቹ በየበሩ ተገጠሙ። ሸራው ሲዘጋ ክራሩ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሲከፈት ግን ወፍራሙን ድምፅ ነፋስ ይወስደዋል። ባለቤቴ አሁን ከበድ ያለ ማጉያ ትሻለች፤ እኔ ደግሞ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ጡሩምባ መስማት እሻለሁ።