የጠራ ውሃና የተራበ ኮራል

ንጽሕና መልካም ነገር መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እየተማርን ያደግን ስለ ሆነ፣ ውሃ ከመጠን በላይ በመጥራቱ ሕይወት ያለውን ፍጥረት ሊጎዳ ይችላል ቢሉን ለመቀበል እንቸገራለን። እኔም ይህን ነገር የተረዳሁት ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም፤ ኑሮዬን ባደረግሁባት በበርሊን ከተማ በቤቴ ከማኖረው 400 ሊትር ከሚይዝ የመስተዋት ገንዳ፣ ከዚያም ይልቅ በአንድ ያገሬ ሰው ገንዳ ላይ ከደረሰው ነገር ነው።

ገንዳው አኳሪዩም የሚሉት ነው፤ ነገር ግን በሆቴል አዳራሽ ቀይ ዓሣ ሲዋኝበት የምናየው ዓይነት አይደለም። በውስጡ የባሕር ውሃን የመሰለ፣ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው የሟሟበት ውሃ፣ ብዙ ድንጋይ፣ ጥቂት ዓሦችና ኮራል ይገኛሉ። ኮራልን ለማያውቀው ሰው ድንጋይ ወይም ቍጥቋጦ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን እጅግ ታናናሽ የሆኑ እንስሳት በማኅበር ሆነው ከኖራ የሚያንጹት ቤት ነው። በየእንስሳው ሥጋ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እነዚህ አልጌዎች በብርሃን ኃይል ስኳር እየሠሩ ባለቤቱን ይመግቡታል፤ እርሱም በፈንታው ከሰውነቱ የሚወጣውን ናይትሮጅንና ፎስፎር ይሰጣቸዋል። አልጌዎቹ ጥለውት የሄዱ እንደ ሆነ ኮራሉ እንደ አጥንት ነጭ ይሆናል፤ ካልተመለሱም በረኃብ ይሞታል።

ቻርልስ ዳርዊን በ1842 ዓ.ም. (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ኮራል ደሴቶች አሠራር አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ለምግብ ድኻ በሆነ ውሃ ውስጥ ይህን ያህል ሕይወት እንዴት ሊሞላ ቻለ የሚለውን እንቆቅልሽ ሊቃውንት ዛሬ በእርሱ ስም ይጠሩታል። መልሱ በከፊል በኮራሉና በአልጌው ሽርክና ውስጥ ይገኛል። ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በባሕሩ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚገኘው ምግብ ጥቂት ነው ማለት የሚመጣው ምግብ ጥቂት ነው ማለት አለመሆኑ ነው። የአንድ ባለ ሱቅ የገንዘብ ሣጥን ማታ ባዶ ሆኖ ቢገኝ ቀኑን ሙሉ ገንዘብ አልዞረበትም አይባልም። ማዕበሉ ሌሊትና ቀን ረቂቃን እንስሳትን እየነዳ ያመጣል፤ ዓሦች በኮራሉ ቅርንጫፎች መካከል እያደሩ ኵሳቸውን ይጥሉለታል። የመጣው ሁሉ ወዲያው ስለሚበላ በውሃው ውስጥ ተርፎ የሚለካው ኢምንት ይሆናል።

የቤት ገንዳ ግን ዝግ ነው። ዓሣው የበላው ምግብ በስንጥቡ በኩል አሞንያ ሆኖ ይወጣል፤ አሞንያም በጥቂቱ እንኳ መርዝ ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 ዓ.ም. ለይቶ እንዳወጣቸው ያሉ ረቂቃን ተሕዋስያን አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ እነዚህ ተሕዋስያን እስኪበዙለት ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መታገሥ ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ ኦክስጅን በማይደርስበት በድንጋዩ ውስጠኛ ቀዳዳ የሚኖሩ ሌሎች ተሕዋስያን ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን አየር ለውጠው ይለቁታል። ፎስፌት ግን ክንፍ የለውም፤ ሰው ካላወጣው በቀር በውሃውና በድንጋዩ ውስጥ እየተከማቸ ይኖራል። ውሃ በመለወጥ ብቻ ሁሉን እወጣዋለሁ የሚል ሰው ቢኖር ሒሳቡን ይሥራ፦ በሊትር 40 ሚሊግራም ናይትሬት ካለበት ውሃ አንድ አሥረኛው በአዲስ ቢተካ 36 ይቀራል፤ ዓሦቹ በሳምንቱ 4 ከጨመሩበት ተመልሶ 40 ነው።

የምኖርባት ከተማ በዚህ ሥራ ስሟ የታወቀ ነው። ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው ከባሕር የወጣ ሕያው ድንጋይ በገንዳ አስቀምጦ፣ ውሃውን በአየር አረፋ ብቻ እያንቀሳቀሰ ዓሣና ኮራል ማኖር መቻሉን በ1961 ዓ.ም. ጽፎ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ዲትሪሽ ስቱበርን የመሳሰሉ የበርሊን ሰዎች ሕያዉን ድንጋይ ከብርቱ ብርሃንና ከአረፋ ገፋፊ ጋር አጣመሩት፤ ዘዴውም እስከ ዛሬ በከተማዪቱ ስም ይጠራል። አረፋ ገፋፊው አሠራሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። ሥጋ ሲቀቀል ከላይ የሚወጣውን አረፋ በማንኪያ እንደሚገፉት ሁሉ፣ መሣሪያውም ደቃቅ የአየር አረፋ በውሃው ውስጥ እየነፋ፣ በአረፋው ላይ የተጣበቀውን ቆሻሻ ገና ሳይበሰብስ ወደ ላይ አውጥቶ በጽዋ ያጠራቅመዋል። የጽዋውን ሽታ ለአንባቢ ባልገልጸው ይሻላል።

ከላይ የጠቀስኋቸው ያገሬ ሰው በሆስፒታል ላቦራቶሪ አርባ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ገንዳቸው ከኔው እጥፍ ይሆናል። በመካከሉም ከጣት ከማትበልጥ ቍራጭ ተነሥቶ በአሥራ አንድ ዓመት የአንድ ክንድ ስፋት ያገኘ ባለ ቅርንጫፍ ኮራል ነበራቸው። በዚህ ከተማ ኮራል ከእጅ ወደ እጅ እንደ ችግኝ ይሰጣጣል፤ ለኔም ከዚያው ኮራል አንዲት ቅርንጫፍ ቈርጠው ሰጥተውኝ ነበር።

እኒህ ሰው ጡረታ ከወጡ በኋላ ጊዜም ትጋትም ስለ ተረፋቸው፣ ትልቅ አረፋ ገፋፊ ገዙ፤ ፎስፌትን የሚስብ የብረት ዝገት ፍሬ በማጣሪያው ውስጥ ጨመሩ፤ በየማለዳውም ጥቂት ጠብታ ቮድካ በውሃው ላይ ያንጠባጥቡ ጀመር። (ቮድካው ለዓሦቹ አይደለም። ተሕዋስያኑ አልኮሉን ተመግበው ሲባዙ ናይትሬትና ፎስፌትን ከውሃው ይወስዳሉ፤ አረፋ ገፋፊውም እነርሱን ያወጣቸዋል።) በሦስት ወር ውስጥ ሁለቱም መለኪያዎች ዜሮ አሳዩ። ውሃው እንደ መስከረም ሰማይ ጠራ። ኮራሉ ግን ቀለሙ እየገረጣ፣ ሥጋው ከግንዱ በኩል እየተላጠ ሄደ፤ በአሸዋውም ላይ ቡናማ ልጋግ ተነጠፈ።

«ጋሼ፣ ይህ ውሃ ተራበ እንጂ አልቈሸሸም» አልኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ ልጋጉን እያየህ ነው እንዲህ የምትለኝ? ዜሮ ማለት ምን እንደ ሆነ አርባ ዓመት ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ!» አሉኝ።

አሳባቸውን ማቃለል አልፈልግም፤ ልጋግ ያየ ሰው ቆሻሻ ቢጠረጥር ምን ይፈረድበታል? ጉዳቱ ግን እዚህ ላይ ነበር፤ ልጋጉ በበዛ ቍጥር ማጣሪያውን ያጠነክራሉ፣ ማጣሪያው በጠነከረ ቍጥር ልጋጉ ይበዛል። በመጨረሻ ያስታረቀን የራሳቸው ማጕያ መነጽር ነው። ከልጋጉ አንዲት ጠብታ ከመነጽሩ ሥር ብናኖራት፣ የእንቍላል ቅርጽ ያላቸው ረቂቃን ፍጥረቶች በካስማ እንደ ታሰረ ጥጃ በአንድ ስፍራ ሲሽከረከሩ ታዩ። ኦስትሬኦፕሲስ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ መርዝም ያመነጫሉ። ሌሎቹ አልጌዎችና ተሕዋስያን በረኃብ ሲመነምኑ እነዚህ ባለቀቀው ቦታ ላይ ይሠለጥናሉ። ጋሼ ዓይናቸውን ከመነጽሩ ሳያነሡ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ዮርግ ቪደንማንና ባልደረቦቹ በ2013 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ናይትሬት በዝቶለት ፎስፌት የተነፈገ ኮራል ሙቀትና ብርሃን ሲበረታበት ቶሎ እንደሚነጣ አስረድተዋል። እንግዲህ የሚጎዳው የአንዱ መብዛት ብቻ ሳይሆን የሌላው መጥፋትም ነው። አልፍሬድ ሬድፊልድ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ያጠናውና ዛሬ ካርቦን 106፣ ናይትሮጅን 16፣ ፎስፎር 1 ተብሎ የሚጠቀሰው ምጣኔ በገንዳ አኗሪዎች አፍ የማይጠፋ ነው፤ በናይትሬትና በፎስፌት ክብደት ሲሰላ 10 ለ1 ገደማ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ በውቅያኖስ ላይ የሚንሳፈፉት ፍጥረታት አማካይ ነው እንጂ ሐኪም ለኮራል ያዘዘው መድኃኒት ስላልሆነ፣ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ሊሰግዱለት አይገባም።

በሌላው ወገን ቆሻሻን የማመሰግን እንዳልመስል አንድ ነገር ልጨምር። ፎስፌት ሲበዛ ኮራሉ ኖራውን ለማነጽ ይቸገራል፤ አልጌም ይውጠዋል። በሐዋይ ደሴቶች በካኔኦሄ ባሕረ ሰላጤ የከተማ ፍሳሽ ይወርድ በነበረበት ዘመን አረንጓዴ አልጌ ኮራሉን እየሸፈነ ያፍነው ነበር፤ ፍሳሹ በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ወደ ሌላ ስፍራ ከተመለሰ በኋላ አልጌው እየቀነሰ ሄዷል። እኔ በገንዳዬ ሥር ሌላ ትንሽ ገንዳ አድርጌ፣ ሌሊት ሌሊት መብራት እያበራሁለት አልጌ አበቅላለሁ፤ በየሁለት ሳምንቱም አንድ እፍኝ እንደ ጐመን እቈርጣለሁ። ውሃው የሚሰጠው ሲያንስ አልጌውም አዝጋሚ ስለሚሆን፣ ከመሣሪያ ይልቅ ይህን ማጣሪያ አምነዋለሁ።

ጋሼ የብረቱን ፍሬ ቀስ በቀስ አወጡ፤ ቮድካውን አቆሙ፤ አረፋ ገፋፊውንም ሌሊት ብቻ እንዲሠራ አደረጉ። ዓሦቹን በቀን ሁለት ጊዜ ይመግቡ ጀመር። ይህም ስላልበቃ የናይትሬትና የፎስፌት ጨው በጠብታ ይጨምሩ ነበር። «ለማውጣት ከፍዬ፣ አሁን ደግሞ ለመመለስ እከፍላለሁ፤ ነጋዴው እንዴት ያለ ደንበኛ አግኝቷል!» ብለው ሲስቁ ሰማኋቸው። በሁለተኛው ወር ናይትሬቱ 5፣ ፎስፌቱ 0.05 ሚሊግራም በሊትር ሆነ። በመስተዋቱ ላይ ስስ አረንጓዴ ነገር መታየት ሲጀምር፣ ያን ዕለት ማታ ስልክ ደውለው አበሠሩኝ። ልጋጉም ከአሸዋው ላይ እየሳሳ ጠፋ።

ኮራሉ እኵሌታው ሞቷል። በቀኝ በኩል ያሉት ቅርንጫፎች ነጭ አጥንት ሆነው ቀርተው አልጌ ለብሰዋል፤ በግራ በኩል ያሉት ግን ጫፍ ጫፋቸው እንደገና ወይን ጠጅ መሆን ጀምሯል። ባለፈው ወር ከኔ ገንዳ፣ እርሳቸው ከሰጡኝ ቅርንጫፍ ካደገው ላይ፣ ሦስት ቍራጭ በጠርሙስ ይዤላቸው ሄድሁ። ጋሼ አንዱን ተቀብለው በሞተው ግንድ ላይ አጣበቁት፤ ሁለቱን ግን «እነዚህን ላንተው አቆይልኝ፤ ገና አላመንኩትም» ብለው መለሱልኝ።