ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ክፍላችሁን ለኩ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ እቁቤ ገና አልደረሰኝም ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ካሜራውን ከነ18-55 ሌንሱ፣ በዚያም ላይ ሁለት ሌንስ ይገዛልኛል ያልኩት ገንዘብ ለአንድ ተጨማሪ ሌንስ ብቻ በቃ።

የትኛውን? የጠየቅኳቸው ሁሉ «ሃምሳውን ግዛ» አሉኝ። ምክንያት አላቸው። 50 ሚሊ ሜትሩ ርካሽ ነው፤ 1.8 ላይ ሲከፈት 18-55ቱ 5.6 ላይ ከሚያስገባው አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል።

እኔ ግን ካሜራ የፈለግኩት ሽሮ ሜዳ ቤታችን ውስጥ አባቴ የሚሸምነውን፣ ነጋዴ በርካሽ የሚወስድበትን ነጠላ፣ ራሳችን በቴሌግራም እንድንሸጠው ነው። 18-55ቱን 50 ላይ አድርጌ ሞከርኩ። ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ 50ው እንደ 80 ያጠባል። ጀርባዬ ግድግዳ ነክቶም አባቴና የሽመና ዕቃው አብረው አልገቡም። 24 ላይ ስመልሰው ገቡ፤ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ፣ እጁ መወርወሪያው ላይ።

ያገለገለ 24 ሚሊ ሜትር ገዛሁ። የሚከፈተው እስከ 2.8 ነው፤ ጠዋት በሩ ሲከፈት ይበቃል።

«ሃምሳውን ግዛ» ስህተት አይደለም፤ የተለካው ግን ወደ ኋላ መራመጃ ባለው ቤት ነው። ገንዘባችሁ ለአንድ ብቻ ከበቃ፣ በያዛችሁት ሌንስ አንድ ሳምንት አንሱ። እጃችሁ ደጋግሞ የሚቆምበትን ቁጥር ግዙ።

የመጀመሪያዋ ገዢያችን ዋጋ ከመጠየቋ በፊት የጻፈችልኝ «ሸማኔው አባትህ ናቸው?» ብላ ነው።