በሉዊቪል የቡርቦን ማዕድና የክለቡ ደጅ

ወደ አሜሪካ የሚሻገሩ የአገራችን ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያዩት ኒው ዮርክንና ዋሽንግተንን ነው፤ ከዚያ አልፎ ወደ ውስጠኛው አገር የሚዘልቅ መንገደኛ ጥቂት ነው። እኛ ግን በዚህ ጊዜ መንገዳችን ወደ ኬንታኪ ስለ ሆነ፤ በኦሃዮ ወንዝ ዳር በተቈረቈረችው በሉዊቪል ከተማ አራት ቀን ሰነበትን። በዚያ ያየነውን፤ ይልቁንም ስለ ቡርቦን መጠጥና መጠጡ ስለሚቀርብበት ማዕድ የሰማነውን፤ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሉዊቪል የተቈረቈረችው በ1778 ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ አሜሪካውያን ስለ ነጻነታቸው ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር ይዋጉ ስለ ነበር፤ የረዳቸውን የፈረንሳዩን ንጉሥ የሉዊ 16ኛን ስም ለከተማዪቱ ሰጧት። የዚህ ንጉሥ ዘር ቤተ ቡርቦን ይባል ነበርና በዚያው አገር አንድ አውራጃ ቡርቦን ተብሎ ተሰየመ። የመጠጡ ስም ከዚያ አውራጃ መጣ የሚሉ አሉ፤ የለም፤ በኒው ኦርሊንስ ካለው የቡርቦን ጐዳና ነው የሚሉም አሉ፤ በሁለቱም መንገድ ቢሄዱ ሥሩ ያው አንድ የነገሥታት ቤት ነው። ንጉሡ በ1793 ዓመት በገዛ ሕዝቡ አንገቱ ተቈርጦ ሞተ፤ የዘሩ ስም ግን እነሆ በጠርሙስ ላይ ተለጥፎ ዓለምን ይዞራል።

ወንዙ በከተማዪቱ አጠገብ በዓለት ላይ እየተንከባለለ ስለሚወርድ፤ በቀድሞ ዘመን ጀልባዎች ዕቃቸውን በዚህ ማራገፍ ግድ ሆነባቸው፤ ሉዊቪልም ገበያ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። ከወንዙ አቅራቢያ ያለው ዋናው ጐዳና የውስኪ ነጋዴዎች ሰፈር ነበረ። ከ1920 እስከ 1933 ዓመት ድረስ መጠጥ መሥራትና መሸጥ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ተከለከለ ንግዱ ጠፋ። በዚያ ዘመን ውስኪ በሕግ የሚሸጠው ሐኪም በወረቀት ላዘዘለት በሽተኛ ብቻ ነበር፤ የበሽተኛው ቍጥር እንዴት እንደ በዛ አንባቢ ራሱ ይገምተው። ከ2013 ዓመት ወዲህ ግን አረቄ ማውጫ ቤቶች ለእንግዳ ደጃቸውን ከፍተው ወደዚያው ጐዳና ተመልሰዋል። እኛም በመጀመሪያው ቀን ከአንዱ ወደ አንዱ ስንዘዋወር ዋልን።

ቡርቦን ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንናገር። በሕጉ መሠረት እህሉ ከመቶ 51 እጅ ያላነሰ በቆሎ መሆን አለበት፤ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ ራይ የሚባለው እህል ወይም ስንዴ፤ ከዚህም ጋር የገብስ ብቅል ነው። እህሉ ተፈጭቶ በሙቅ ውሃ ይደፈደፋል፤ እርሾ ይገባበታል፤ ከፈላ በኋላ አረቄው ይወጣል። ለባልትና አዋቂዎች ሴቶቻችን ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። ካለፈው ጥንስስ የቀረውን አተላ ከፊሉን በአዲሱ ድፍድፍ ላይ መልሰው ሲጨምሩ ባየን ጊዜ፤ አብረውን የነበሩት እመቤት «ይህንስ ከማን ተማሩት?» ብለው ሳቁ።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የወጣው አረቄ እንደ ውሃ የጠራ ነው። የሚቀመጥበት ዕቃ አዲስና ኦክ ከሚባለው ዛፍ የተሠራ፤ ውስጡም በእሳት የከሰለ እንዲሆን ሕጉ ያዛል። እኛ ጋኑን በወይራ እንደምናጥነው ነው ብንል ነገሩን ለማስረዳት ይጠቅም ይሆናል፤ እነርሱ ግን ማጠን ብቻ ሳይሆን የበርሜሉን ሆድ ፈጽመው ያነዱታል። 200 ሊትር ያህል የሚይዘው በርሜል በጐተራ ውስጥ ተደርድሮ ዓመታት ይቀመጣል፤ በሙቀት ወራት አረቄው ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፤ በብርድ ወራት ተመልሶ ይወጣል፤ ቀለሙንና ሽታውን የሚያገኘው በዚህ መመላለስ ነው። በየዓመቱም ከመቶ ከ2 እስከ 5 እጅ ያህል ተንኖ ይጠፋል፤ ይህንንም የመላእክት ድርሻ ይሉታል። መላእክትን በመጠጥ ማማት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ነገር ግን በጐተራው ውስጥ ያለው መዓዛ ቃሉን ለፈጠረው ሰው ይቅርታ ያሰጠዋል። በርሜሉ ለቡርቦን የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙው ወደ ስኮትላንድ ተልኮ ለዚያ አገር ውስኪ ማስቀመጫ ይሆናል።

የመንግሥት ሠራተኞች የሆኑ አንባቢዎቻችን ደግሞ ይህን ሳይወዱት አይቀሩም። በ19ኛው መቶ ዓመት ነጋዴዎች ቀለምና ቅመም እየቀላቀሉ ሕዝቡን ያታልሉ ስለ ነበር፤ በ1897 ዓመት አንድ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ ማኅተም ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው መጠጡን ከአንድ ቤትና ከአንድ ወቅት ብቻ አውጥቶ፤ መንግሥት በሚቈጣጠረው ጐተራ 4 ዓመት አቈይቶ፤ ኃይሉን ከመቶ 50 እጅ አድርጎ እንዲያቀርብ ታዘዘ። በርሜሉ ያለ መንግሥት ጠባቂ አይከፈትም ነበር። የጠርሙሱ ክብር የተጠበቀው በጠጪው ምላስ ሳይሆን በመዝገብና በቍልፍ ነው።

በሁለተኛው ቀን በ1923 ዓመት በተከፈተው በብራውን ሆቴል ምሳ በላን። በ1926 ዓመት በዚህ ቤት ዋና ወጥ ቤት የነበረው ፍሬድ ሽሚት፤ ሌሊቱን ሲጨፍሩ አምሽተው ለሚርባቸው እንግዶች አዲስ ምግብ ሠራ፤ በተጠበሰ ዳቦ ላይ የታርኪ ዶሮ ሥጋ ይነባበራል፤ የወተትና የአይብ መረቅ ይፈስበታል፤ ከዚያም በምድጃ ከላይ ይጠበሳል። ሆት ብራውን ይሉታል። በላዩ የሚደረገውን የዓሣማ ሥጋ እንዲተዉልን ለመንን፤ አሳላፊው ምክንያቱን ሳይጠይቅ እሺ አለን። ምግቡ ከባድ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ጕዳይ ያለው ሰው ባይበላው ይሻላል።

ከምሳ በኋላ በእግራችን ስንሄድ ፔንዴኒስ ክለብ ከሚባለው ቤት ፊት ደረስን። ክለቡ የተመሠረተው በ1881 ዓመት ነው፤ ስሙም እንግሊዛዊው ደራሲ ታከሬ ከጻፈው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ አሁን ያለበት ሕንጻ የ1928 ዓመት ነው። ኦልድ ፋሽንድ የሚባለው መጠጥ፤ ማለት ቡርቦን በስኳርና በመራራ ቅመም ተዋሕዶ በበረዶ ላይ የሚቀርበው፤ በዚህ ክለብ ተፈጠረ እየተባለ ይወራል። እውነቱን ለመናገር፤ በቺካጎ የሚታተም ጋዜጣ ክለቡ ሳይመሠረት በ1880 ዓመት ይህንኑ ስም አንሥቶ ነበርና ወሬው አይጸናም። ቢሆንም የከተማው ሰው ወሬውን ይወደዋል፤ እኛም አልተከራከርንም።

ክለብ የሚባለው ነገር ለሆቴል እንግዳ የሚሆን አይደለም። ማኅበርተኛ ያልሆነ ሰው የሚገባው ከማኅበርተኛ ጋር ወይም በእርሱ ጥሪ ነው። በአገራችን በቀድሞው ዘመን በመኳንንት ቤት ግብር ሲገባ እያንዳንዱ በማዕርጉ ይቀመጥ ነበር፤ ሆኖም የመጨረሻውም ሰው ቢሆን በተራው ይገባል። የክለብ ሥርዐት ግን ከተቀመጡበት ቦታ ሳይሆን ከደጁ ይጀምራል። እኛም ከውጭ ተመልክተን አለፍን።

በማታው ግን ሁለቱም ነገር፤ የሕዝቡ ማዕድና የማኅበርተኞቹ እልፍኝ፤ በአንድ ጣራ ሥር ወዳሉበት የቡርቦን ምግብ ቤት ሄድን። በፊተኛው አዳራሽ ማንም ገብቶ ይበላል፤ ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋር ይቀመጣሉ፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ግን መጠጥ አይቀዳም። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣራ ጠርሙስ ነው፤ አሳላፊው የላይኛውን ለማውረድ በመንኰራኵር በሚሄድ መሰላል ይወጣል። ሥጋው በቡርቦን ታሽቷል፤ መረቁ ቡርቦን አለበት፤ የመጨረሻው ጣፋጭ እንኳ ቡርቦን የነካው ነው፤ ይህ በእኛ አስተያየት ጥቂት በዝቷል። ከአዳራሹ በስተኋላ ባለው እልፍኝ ደግሞ በየዓመቱ ገንዘብ የሚከፍሉ ማኅበርተኞች በስማቸው የተቈለፈ ሣጥን አላቸው፤ የየራሳቸውም ጠርሙስ በውስጡ ይቀመጣል። ለእንግዳ ክብር ሲሉ በሩን ከፍተው አሳዩን።

በዚያ እልፍኝ ካሉት መጻሕፍት መካከል አንድ ቀጭን መጽሐፍ ዐይናችንን ሳበው። የተጻፈው በ1917 ዓመት ነው፤ ደራሲው ቶም ቡሎክ ይባላል። ቡሎክ በ1872 ዓመት በዚህችው በሉዊቪል የተወለደ ጥቍር አሜሪካዊ ነው። በቀን ከውጭ አይተነው ባለፍነው በፔንዴኒስ ክለብ መጠጥ አሳላፊ ነበረ፤ በኋላም ወደ ሴንት ልዊስ ከተማ ሄዶ በዚያ ባለው የባለጠጎች ክለብ ሠራ። መጽሐፉ የመጠጥ አዘገጃጀት ነው፤ ጥቍር አሜሪካዊ በዚህ ሙያ መጽሐፍ ሲያሳትም እርሱ የመጀመሪያው ነው ይባላል። መቅድሙን የጻፈለት ጆርጅ ኸርበርት ዎከር የሚባል ታላቅ ባለጠጋ ነው፤ የዚህ ሰው የልጅ ልጅ 41ኛው፤ የልጅ ልጁም ልጅ 43ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ቡሎክ የታወቀው በጁለፕ ነው። ጁለፕ ማለት ቡርቦን ከናናና ከስኳር ጋር፤ እንደ አመዳይ በደቀቀ በረዶ ላይ፤ በብር ጽዋ የሚቀርብ ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት፤ ሰካራም ነው ብሎ የጻፈበትን አንድ የሚሺጋን ጋዜጠኛ በስም ማጥፋት ከሰሰ። በ1913 ዓመት ሸንጎ ፊት ሲመሰክርም በሴንት ልዊሱ ክለብ ከቀረበለት ጁለፕ ጥቂት ብቻ እንደ ቀመሰ ተናገረ። ነገሩን ረታ፤ የፈለገውም ስሙ እንዲነጻ ብቻ ስለ ነበረ ካሣው 6 ሳንቲም ሆነ። በሴንት ልዊስ የሚታተም አንድ ጋዜጣ ግን፤ ቡሎክ የቀዳውን ጽዋ ጀምሮ የሚተው ሰው ከቶ ይገኛልን፤ በማለት አላገጠ። እንግዲህ የዚህ ሰው እጅ ሥራ በሸንጎ ምስክርነት የተነሣ፤ በጋዜጣ የተመሰገነ ነበር፤ እርሱ ግን ይቀዳበት በነበረው አዳራሽ ወንበር ስቦ የመቀመጥ መብት አልነበረውም። መጽሐፉ በታተመ በ3 ዓመቱ ደግሞ የመጠጡ ክልከላ መጣና ሙያው ራሱ ክልክል ሆነ።

መጽሐፉን ዘግተን ወደ ማዕዳችን ከተመለስን በኋላ፤ ሽበት የጣለበት አሳላፊያችን አንድ ዓመት እንድናስታውስ ነገረን፤ 1964። በዚያ ዓመት በግንቦት የአሜሪካ ምክር ቤት ቡርቦን የአሜሪካ ልዩ ምርት ነው ሲል ወሰነ። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ ሆቴልና ምግብ ቤት ሰውን ስለ ቀለሙ እንዳይመልስ የሚከለክለው ታላቁ ሕግ ተፈረመ፤ ለሕዝብ ክፍት ያልሆኑትን የግል ክለቦች ግን ከዚህ ትእዛዝ ነጻ አደረጋቸው። ቶም ቡሎክም የሞተው በዚያው ዓመት ነው። «ጌቶች፤ እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ ይህንን ሁሉ በአንድ ዓመት አየ» አለንና የውሃውን ማንቈርቈሪያ አስቀምጦ ሄደ። እኛም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን።

ወደ ማደሪያችን የተመለስነው በእግር ነው። መንገዳችን ቀን ባየነው ክለብ በኩል ያልፋል፤ መስኮቶቹ በርተው ነበር። ይህ ጐዳና ቀድሞ ዋልነት ይባል ነበረ፤ ከ1978 ዓመት ጀምሮ ግን የተጠራው በከተማው ተወላጅ በቡጢኛው በሙሐመድ አሊ ስም ነው። አሊ በ1960 ዓመት፤ የእኛው አበበ ቢቂላ በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈበት በዚያው ኦሊምፒክ፤ የወርቅ ሜዳልያ አግኝቶ ወደ ሉዊቪል በተመለሰ ጊዜ፤ በገዛ ከተማው በአንድ ምግብ ቤት አናስተናግድህም እንደ ተባለ በ1975 ዓመት በታተመው የሕይወቱ መጽሐፍ ተርኳል። በሃይማኖቱ ምክንያት ቡርቦን የማይጠጣ ሰው ነበር። ከእኛ አንዱ በመንገዱ ማዕዘን ቆሞ ስሙን ከሰሌዳው ላይ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ከክለቡ ደጅ ሲወጡ የነበሩ ሁለት ሰዎችም ዞር ብለው አዩንና እጃቸውን አንሥተው ሰላም አሉን።