የኪሴ ቅርንፉድ

ቅርንፉድ የሲጋራ ሽታ እንደሚያጠፋ ያወቅሁት በ19 ዓመቴ ነው። ወደ መዘምራን ልምምድ ከመግባቴ በፊት ሁለት ፍሬ አኝካለሁ፤ እጄን በሎሚ እታጠባለሁ። አጠገቤ ቆሞ የሚዘምረው ወንድም እንኳ ነቅቶብኝ አያውቅም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል፤ እኔን ግን ዕድሜዬን የጠየቀኝ ሻጭ አልነበረም።

ያኔ የምኖረው ከአጎቴ ጋር ነበር። ጋሼ በወጣትነቱ ብዙ ያጨስ የነበረ፣ ጌታን ካገኘ በኋላ ማቆሙን በጉባኤ ፊት የመሰከረ ሰው ነው። አንድ ቀን ምላሱ ጎን ላይ ቁስል ወጣ። «ጥርሴ ነክሶት ነው» አለን። ወር አለፈ፤ ሁለት ወር አለፈ። በጨው ውኃ ይጉመጠመጣል፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ ይተዋል፤ ሐኪም ዘንድ ግን አይሄድም። በአራተኛው ወር አንገቱ ሥር እብጠት ሲወጣ አክስቴ እያለቀሰች ይዛው ሄደች። ከቁስሉ ትንሽ ተቆርጦ ተመረመረ፤ የአፍ ካንሰር ሆነ።

ሐኪሙ «ያጨሳሉ?» ብሎ ጠየቀው። ጋሼ አክስቴን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ ወለሉን አየ። «አልፎ አልፎ» አለ።

ማታ ማታ «በሩን ልዝጋ» እያለ የሚወጣው ለካ ለዚህ ነበር። ቁስሉን ደብቆ የቆየውም ይህ ጥያቄ እንደሚመጣበት ስላወቀ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለታችን፣ አንዳችን ከሌላችን ተደብቀን፣ እናጨስ ነበር።

እኔ የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርኩና በዚያ ሰሞን ስለ አፍ ዕጢ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ጀመር። ተመራማሪዎች ከዕጢውና አጠገቡ ካለው ጤነኛ ሥጋ ጥቂት ወስደው በናይትሪክ አሲድ ያሟሙታል፤ ከዚያ በውስጡ ያሉትን ማዕድናት ይለካሉ። ዚንክ፣ መዳብና ሴሊኒየም በጥቂቱ ያስፈልጉናል። ካድሚየም ግን ለሰውነታችን አንዳች ጥቅም የለውም። የትምባሆ ተክል ከአፈር እየሳበ ቅጠሉ ውስጥ ያከማቸዋል። በአንድ ሲጋራ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ማይክሮግራም ይገኛል፤ ወደ አጫሹ የሚገባው ከዚያ ከአሥር አንድ እጅ ያህሉ ነው። ትንሽ ነው አትበሉ። የገባው ግማሹ ብቻ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል።

ካድሚየም ከዚንክ ጋር ስለሚመሳሰል የዚንክን ቦታ ይይዛል። በሴሎቻችን ውስጥ የተጎዳ ዘረመልን ከሚጠግኑት ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ሥራቸውን የሚሠሩት በዚንክ ነው፤ ቦታውን ካድሚየም ሲይዝባቸው ጥገናው ይሰናከላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ1993 እ.ኤ.አ. ሰውን ካንሰር ከሚያስይዙት ተራ መድቦታል። የጋሼን ሕመም ካድሚየም ብቻውን አመጣው አልልም፤ በጭሱ ውስጥ ካንሰር አምጪ የሆኑ በርካታ ሌሎች ነገሮች አሉ። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ቅርንፉዱ ሽታውን በአምስት ደቂቃ ያጠፋዋል፤ ያ ብረት ግን እኔ ልጆች ወልጄ ሳሳድግም ኩላሊቴ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል።

ጋሼ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከምላሱ ከፊሉ ተቆረጠ። መናገር ስለማይችል ደብተር ሰጠነው። ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ቀን ወደ ኪሴ ጠቆመና ጻፈ፦ «ያ ቅርንፉድ ለምንድን ነው?»

ዝም አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ደብተሩን ወስዶ ከሥሩ ጨመረበት፦ «እኔም እሱኑ ነበር የማኝከው።»

ውድ አንባቢዎች፣ ከእናንተ መካከል ቅርንፉድ ወይም ማስቲካ በኪሱ የያዘ እንዳለ አውቃለሁ። ሺሻ ይሻላል ብሎ የሚያስብም አለ፤ ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም። አፋችሁ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ካያችሁ ለሐኪም አሳዩ፤ ሲጠይቃችሁም እውነቱን ንገሩት። ላቆመ ሰው ተስፋ አለ፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ስጋቱ በግማሽ ይቀንሳል።

አጭሳችሁ የማታውቁ ደግሞ፣ ጓደኛችሁ ምስጢሩን ሲነግራችሁ ለጸሎት ርእስ ብላችሁ ለኅብረቱ አታውጁት። አብራችሁት ክሊኒክ ሂዱ።

እኔ ሁለት ጊዜ ወድቄ ነው ያቆምኩት። ጋሼ ዛሬ ይናገራል፤ ቃላቱ ይጎተታሉ እንጂ ይሰማሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ስንገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ «ዛሬስ?» ይለኛል። እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ። እናንተንስ የሚጠይቃችሁ ማን ነው?