ደንቡ ማንን ይመለከታል?

ከባሕር ዳር በጀልባ ስንወጣ ክብራን ገብርኤል ደሴት ላይ ሴቶቻችን አይወርዱም፤ ጎረቤቱ እንጦስ ኢየሱስ ግን ይወርዳሉ። ደንቡ የደሴቱ እንጂ የተሳፋሪው አይደለም።

እኛ ፕሮግራም ጻፊዎችም እንዲህ ያለ ደንብ እናውቃለን። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ኢንተርፕራይዝ ላይብረሪ 3.0 ውስጥ ፖሊሲ ኢንጀክሽን የሚባል ክፍል ነበር። የፈቃድ ፍተሻን በየክላሱ ከመድገም ለብቻው እንጽፈዋለን። የትኞቹን ክላሶች እንደሚመለከት ደግሞ ኮንፊገሬሽን ፋይል ላይ እንወስናለን፦ በስማቸው፣ በኔምስፔሳቸው ወይም በለጠፍንባቸው ምልክት። አንድ ፖሊሲ ብዙ ደንብ ካለው ሁሉም መሟላት አለባቸው።

ታዲያ ጣጣው ምኑ ላይ ነው? ዝምታው ላይ! ደንቡ «ደመወዝ» የሚለውን ክላስ በስሙ መርጦ ሳለ አንዳችን ስሙን «ክፍያ» ብንለው፣ ፕሮግራሙ ያለ ምንም ቅሬታ ይሠራል፤ የሚቀረው ፍተሻው ብቻ ነው። በፖሊሲ ኢንጀክሽን በኩል ሳይሆን በቀጥታ «ኒው» ብለን የፈጠርነው ኦብጀክትም እንዲሁ ሳይፈተሽ ያልፋል። ደሴቱ ላይ መነኮሳት አሉ፤ ፋይሉ ውስጥ ግን «ወዴት ነው?» የሚል የለም።

ስለዚህ የሰው ደመወዝ የሚነካን ክላስ በምልክት መምረጥ ይሻላል፤ ስም ቢቀየርም ምልክቱ ከክላሱ አይለይም። ከዚያም ፈቃድ በሌለው ሰው ስም ገብተን እንሞክረው። ካልከለከለን ደንብ አላወጣንም፤ ምኞት ነው የጻፍነው።