ስለ ተሸሸገ ጉድለት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ የዚህን ተረት ትርጉም የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ የናፍጣ ሞተር ነው።

አንባቢ ሆይ፤ የሞተር ዘንግ ሁልጊዜ እኩል የሚዞር አይምሰልህ። ፒስተኖቹ ተራ በተራ ኀይል በሰጡት ቍጥር ክራንክሻፍት የሚባለው ዋናው ዘንግ በጥቂቱ ተጠምዝዞ ይመለሳል። ይህ ንዝረት በአንዳንድ ፍጥነት ላይ ከዘንጉ ከራሱ ንዝረት ጋራ የገጠመ እንደ ሆነ፥ እየበረታ ሄዶ ወፍራሙን ብረት ይሰብረዋል። ስለዚህ በዘንጉ ጫፍ ዳምፐር የሚባል ክብ ዕቃ ይታሰራል። አንዳንዱ ጎማ ያለበት ነው፤ ሌላው በተደፈነ ቤት ውስጥ ከባድ ቀለበት የያዘ፥ በመካከላቸውም ባለው ጠባብ ክፍተት ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ የተሞላበት ነው። ቤቱ ሲንቀጠቀጥ ቀለበቱ ከክብደቱ የተነሣ ባንድ ልክ መዞሩን ይቀጥላል፤ በመካከል ያለው ፈሳሽም ንዝረቱን ወደ ሙቀት ለውጦ ያበርደዋል። ክፍተቱ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ፥ ቤቱ ጥቂት እንኳ ቢሰረጐድ ቀለበቱ ይያዛል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ፥ በወጣትነቴ አስተምርበት በነበረው አዳሪ ትምህርት ቤት አንድ ቅዳሜ የጄኔሬተሩን ቺንጋ ስለውጥ መዶሻ ከእጄ አምልጦ ዳምፐሩን መታው። የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ስርጕዳት ቀረች። ሞተሩን ባስነሣው ድምፁ ደኅና ነው። ተማሪዎቼ እንዳይስቁብኝ፥ አለቃዬም እንዳይቈጣኝ ብዬ ስርጕዳቷን በጥቍር ቀለም ቀባኋት።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሌሊት ዘንጉ ተሰበረ። የሞተሩ ጠባቂ የነበሩት ሽማግሌ «ዘይት ሳይጨምሩ ቀርተው ነው» ተብለው ከሥራ ተሰናበቱ። እኔ ዝም አልሁ። በአራተኛው ቀን መካኒኩ ዳምፐሩን አውልቆ ቢከፍተው ቀለበቱ ተይዞ ተገኘ። ቀለሙንም ፍቆ «ይህን ማን ቀባው?» አለ። ያን ጊዜ ተናገርሁ። ደመወዜ ተቈረጠ፤ የሚገባኝ ነበር። ሽማግሌው ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው ወዳገራቸው ሄደው ነበር። መልእክት ብንልክባቸውም አልተመለሱም።

ዛሬ ሞተር የሚጠብቅ ወጣት ባገኘሁ ጊዜ እንዲህ እለዋለሁ፦ ዳምፐሩን ሞተሩ ቆሞ ሳለ ጠርገህ መርምረው። ስርጕዳት፥ የፈሳሽ መፍሰስ፥ በሙቀት የጠቈረ ቀለም እንዳለ እይ። ጎማ ያለበት ከሆነ ስንጥቅ እንዳያመልጥህ፤ ምልክት የተደረገበት እንደ ሆነም ምልክቶቹ አለመዛነፋቸውን አስተውል። በመዶሻ አትምታው፤ በብረት አትፈንቅለው። ፈሳሹ በውስጥ ስለሚያረጅ፥ በውጭ ምንም ባይታይህም ፋብሪካው በወሰነው የሥራ ሰዓት ለውጠው። ጉድለት ብታገኝበት ደግሞ ቀለም አትቀባው።

ልጄ ሆይ፤ ያጠፋኸውን በዚያው ቀን ተናገር። እኔ በዚያች ቅዳሜ ብናገር ኖሮ ዋጋው አንድ ዳምፐር ነበር። ዝም ስላልሁ ግን ዋጋው አንድ ዘንግና የአንድ ሽማግሌ እንጀራ ሆነ። ዘንጉ በሌላ ተተካ።